ወንበሩን ማን ያውሳል?

ሞስኮ ስንላችሁ ራሽያ እንዳትደርሱብን። የምናወራው አሜሪካ ውስጥ፣ አይዳሆ በሚባለው ግዛት ስላለች ሃያ አምስት ሺህ ገደማ ነዋሪ ስላላት ትንሽ ከተማ ነው። ዙሪያዋ ስንዴና ምስር የሚዘራበት ኮረብታ ነው (አዎ፣ ምስር! ምስር ወጥ መሥራት መቻላቸውን ግን እንጠራጠራለን)። ከኒውዮርክም ከኒው ኦርሊንስም የትና የት ነች። እንዲያም ሆኖ የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጃዝ ፌስቲቫል የሚያዘጋጀው እዚያ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታላቁ የቫይብራፎን ተጫዋች ላየነል ሃምፕተን በ1984 ወደዚያች ከተማ ሄደ፤ ወደዳት። በዓመቱ ፌስቲቫሉ በስሙ ተጠራ፤ በ1987 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ራሱ ስሙን ያዘ። ሃምፕተን በ2002 አረፈ። ፌስቲቫሉ ግን አብሮት አልተቀበረም፤ እንዲያውም በ2007 የአሜሪካን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳልያ ተሸለመ።

እኛን የገረመን ግን ሜዳልያውም የሃምፕተን ስምም አይደለም። ቀን ቀን የሚሆነው ነገር ነው። ከአይዳሆ፣ ከዋሽንግተን ግዛትና ከሌሎችም ቦታዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች መለከታቸውንና ሳክስፎናቸውን አዝለው በአውቶቡስ ይመጣሉ። ግቢው ብቻውን አይችላቸውም። ስለዚህ ከተማው በሩን ይከፍታል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ቲያትር ቤቱ፣ አዳራሾቹ ለልጆቹ መድረክ ይሆናሉ። ባንዱ ይጫወታል፣ ባለሙያዎች ቁጭ ብለው ይሰሙታል፣ የቱ ጋ እንደተሳካለትና የቱ ጋ እንደሳተ ይነግሩታል። ማታ እነዚያው ልጆች የዓለም አንጋፋዎች ሲጫወቱ ያዳምጣሉ።

እስቲ አስቡት። ለዓመታት ይዘጋጅ የነበረው በፌብሩዋሪ፣ በበረዶ ወቅት ነው። አንድ ሰው ቀድሞ መጥቶ አዳራሹን መክፈት አለበት። ሌላው መንገድ ያሳያል። ሌላው ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ሶሎውን ሲያበላሽ ሰምቶ ከልቡ ማጨብጨብ አለበት! ይህን የሚሠሩት በብዛት በፈቃዳቸው የወጡ የከተማው ሰዎች ናቸው።

«ስፖንሰርስ የለም ወይ?» ትሉን ይሆናል። አለ እንጂ። በአንድ ወቅት የነዳጅ ኩባንያው የሼቭሮን ስም ከሃምፕተን ስም ጎን ይጻፍ ነበር። ዛሬ ያ ስም ከርዕሱ ላይ የለም፤ ፌስቲቫሉ ግን አለ።

ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ሳንመለስ ማለፍ ስለማንችል። ሃምፕተን ያስወደደውን ያንን መሣሪያ እኛ የምናውቀው በሙላቱ አስታጥቄ እጅ ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። እንግዲህ መሣሪያውም፣ ታሪኩም፣ ትምህርት ቤቱም አሉን። ጃዛችን ግን ሆቴልና ክለብ ውስጥ፣ የመግቢያ ዋጋ ለመክፈል አቅም ላለው ሰው ነው የሚሰማው። «ፌስቲቫል» የሚለውን ቃል ስንሰማ የሚታየን የቢራ ባነር ነው። ከመካከላችን ሁለታችን አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ተገኝተን፣ የሙዚቃ ተማሪዎች ከአጥሩ ውጪ ቆመው በነፋስ የሚመጣላቸውን ድምፅ ሲለቃቅሙ አይተናል። ከውስጥ ደግሞ ግማሹ ወንበር ለክብር እንግዳ ተብሎ ባዶውን ነበር።

ገንዘብ የለንም የሚለው መልስ አያሳምነንም። የእኛ ሰፈር ማዋስ የማያውቅ ሰፈር ነው እንዴ? እድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ብርጭቆ አለው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ሰው የሚያስቀምጥ ድርጅት የትም አገር በቀላሉ አይገኝም። የቀበሌ አዳራሾችና የትምህርት ቤት አዳራሾችም ቅዳሜ ከሰዓት ተቆልፈው ነው የሚውሉት። (ደብሩ ለጃዝ ይከፈት አላልንም፤ አባቶች አይቆጡን።)

የጎደለው ጠያቂ ነው። ዩኒቨርሲቲው በአጥሩ ውስጥ ነው፣ ሰፈሩም ከአጥሩ ውጪ፤ አንዱ የሌላውን በር አንኳኩቶ አያውቅም። ሰፈሩ ተማሪውን የሚያውቀው ቤት ተከራይ ሆኖ ሲመጣ ወይም ሲረብሽ ነው። እኛ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ከግቢው አጠገብ ያሉ ሦስት አዳራሾች፣ አንድ ቅዳሜ፣ የያሬድ ተማሪዎችና ከየትምህርት ቤቱ ክራር፣ መለከት ወይም ጊታር የሚሞክሩ ልጆች፣ ሊሰሟቸውና ሊያርሟቸው የሚቀመጡ ሁለት ሦስት አንጋፋ ሙዚቀኞች። መግቢያ በነፃ። ቡናውን ሰፈሩ ያፍላ።

ከያሬድ ሰዎች አንዱ ይህን አንብቦ «እሺ» ካለ፣ ቁልፍ የያዙትን የአዳራሽ ኃላፊዎች ለማነጋገር እኛ እንሄዳለን። ወንበር መሸከምም እንችላለን።