ደረሰኝ የሌለው ላብ

ሠዓሊ ለሸራና ለቀለም ያፈሰሰውን ገንዘብ የሚያስታውስለት ማን ነው? ሥዕሉ ተሰቅሎ፣ ተደንቆና ተሸጦ ሲያበቃ በሁሉም ዓይን የሚገባው የመጨረሻው ዋጋ ብቻ ነው። ገዢው ዋጋውን ያያል፤ ጎረቤቱ ዋጋውን ያያል፤ ግብር አስከፋዩም ያንኑ ያያል። ከዋጋው በስተጀርባ ያለው የሸራ፣ የቀለም፣ የፍሬምና የስቱዲዮ ኪራይ ወጪ ግን ደረሰኝ ካልመሰከረለት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ይህ የሚሆነው ሕጉ ስለ ከለከለ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለትርፍ የሚካሄድን የሙያ ሥራ ከንግድ ሥራ ይቆጥረዋል። ስለሆነም በግሉ የሚሠራ የጥበብ ሰው ገቢውን ለማግኘትና ሥራውን ለማስቀጠል ያወጣው አስፈላጊ ወጪ ተቀናሽ ነው። በ2010 ዓ.ም. አንድ ሠዓሊ የ600,000 ብር ሥዕል ሸጠ፣ ለሥራውም 250,000 ብር አወጣ እንበል። ደረሰኙን ከያዘ ግብሩ የሚሰላው በ350,000 ብር ላይ ነው፤ ከጣለው በ600,000 ብር ላይ ይሰላበታል። በላይኛው የ35 በመቶ መጣኔ ሲታሰብ ልዩነቱ 87,500 ብር ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ሕጉ በ2017 ዓ.ም. ቢሻሻልም፣ የሂሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው የነገሩ መሠረት ያው ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ «ጥበብ በሂሳብ አትለካም» እያለ ደረሰኙን ከሲጋራው ጋር የሚጥለው የጥበብ ሰው ራሱ ነው። ይህ አነጋገር ለጥበብ ክብር የሚሰጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን የጥበብ ሰው ሠራተኛ አለመሆኑን መመስከር ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ብሂል ለሌላው የሚያስተምር ደራሲ የራሱን ወጪ በቃሉ ብቻ ሲይዝ ማየት ያሳዝናል። መዝገብ የሌለው ሰው በግምት ይዳኛል። ግምት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የዕለት ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ያስነሳው ቁጣ በበቂ አሳይቷል።

ሁለተኛው ጥፋት የቢሮው ነው። የአናጢ እንጨት ወጪ መሆኑን ሳይጠራጠር የሚቀበል ሹም የቀራጺን እንጨት እንደ ቅንጦት ሊያይ አይገባውም። ለመድረክ የሚሆን የጥበብ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሲገዛ ሸማኔው ደረሰኝ የለውም። ታዲያ ቀሚሱ አልተሸመነም? ተዋናይቷ ራቁቷን ወጣች? የሰነድ ጉድለት የላብ ጉድለት ተደርጎ ከተቆጠረ፣ ሕጉ የሰጠውን መብት አሠራሩ ይነጥቀዋል።

«ተቀናሽ መጠየቅ ከሕዝብ ገንዘብ መሸሽ ነው» የሚሉም አይጠፉም። ስሕተት ነው። የልጁን ሠርግ «የጥናት ወጪ» ብሎ የሚያስመዘግብ ሌባ ነው፤ ሕጉም የግል ወጪን አይቀንስለትም። ያወጣውን በእውነት አስመዝግቦ የተረፈውን የሚከፍል ግን እውነተኛ ግብር ከፋይ ነው። መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የሚሠራው ከትርፍ በሚከፈል ግብር እንጂ የሠሪን መሣሪያ በመብላት አይደለም። የዘንድሮ ቀለሙን በግብር ያጣ ሠዓሊ ለከርሞ የሚቀባውም፣ የሚከፍለውም አይኖረውም።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ግልጽ ነው። የጥበብ ትምህርት ቤቶች ከብሩሽ አያያዝ ጋር የመዝገብ አያያዝን ያስተምሩ። የሙያ ማኅበራት ከዓመታዊ ድግሳቸው አስቀድመው ለአባሎቻቸው የሂሳብ ባለሙያ ያቁሙ። ግብር ሰብሳቢውም ደረሰኝ ከሌላቸው የእጅ ባለሙያዎች ለሚደረግ ግዢ ግልጽና የማያሻማ የማረጋገጫ ሥርዓት ይዘርጋ። የጥበብ ሰውም ከማስታወሻ ደብተሩ አንዱን ገጽ ለግጥሙ፣ ሌላውን ለወጪው ይስጥ። ላቡን ራሱ ያልመዘገበ፣ ሌላው ቢረሳበት የሚከስሰው አይኖርም።