ሙያ በልብ ነው? ድንበር ስትሻገር ግን በወረቀት ነው!

 ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር እንዴት ነዎት? ሳዑዲ ልሄድ ነው። እዚያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ሱቅ እከፍታለሁ። አጎቴ የሚያውቀው ያገሩ ሰው አለ። ሱቁ በሱ ስም ይከፈታል፣ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ወር ወር ድርሻውን እሰጠዋለሁ። ትንሽ ብር ጎድሎኛል፣ ቢያበድሩኝ…»

ብር አልላክሁለትም። የመምህር ደመወዝ ታውቁታላችሁ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ምክንያቱም ይህንኑ ታሪክ ከዚህ በፊት ከሌላ ተማሪዬ ሰምቼዋለሁ፤ መጨረሻውንም በዓይኔ አይቻለሁ።

የዚያን ልጅ ስም አልጠራም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። 10ኛ ክፍል እያለ ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ። አንድ ቀን በክፍለ ጊዜዬ ዴስክ ስር የተበላሸች ሬዲዮ ፈትቶ ሲነካካ ያዝኩት። ሬዲዮዋን ቀማሁት፣ ካቻቪቴውንም ቀማሁት፣ በክፍሉ ፊትም «ይሄ የትም አያደርስህም፣ ደብተርህን አውጣ!» አልኩት። ያን ቀን የማስተምረው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የኤሌክትሪክ ዑደት! ሰርኪዩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ፣ ሰርኪዩት በእጁ የያዘውን ልጅ አባረርኩ። አሁን ሳስበው ያፍረኛል።

ልጁ ሪያድ ገባ። መጀመሪያ ተቀጥሮ ኤሲና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠገነ። እጁ ወርቅ ነው፣ ደንበኛ ተከተለው። ቀጥሎ በአንድ ያገሬው ሰው ስም የራሱን ሱቅ ከፈተ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጥሩ ሠራ፣ ለቤተሰቡም ቆርቆሮ ቤት አሠራ። ሱቁ ሲደምቅ ግን ሰውየው መጣና «ሱቁ የኔ ነው» አለ። እውነትም በወረቀት የሱ ነው። ቁልፉን ተቀበለ፣ ቴስተሩን፣ የጋዝ መሙያውን፣ መለዋወጫውን ሁሉ አስቀረ። ልጁ የት ሄዶ አቤት ይበል? «ሱቁ በስሙ ነው እንጂ የምሠራው እኔ ነበርኩ» ብሎ መክሰስ ራስን መክሰስ ነው ብሎ ፈራ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ዛሬ እዚሁ ከተማችን የተቃጠለ ምጣድ ሽቦ ይቀይራል።

እስቲ አሁን ቲክቶክ ላይ ለሚሰብኩት «አማካሪዎች» ልመልስ። የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «እጅህ ካወቀ የትም አገር አትራብም፤ ካቻቪቴህን ይዘህ ና!» ይህን የሚለው ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ከጉዞህ ኮሚሽን ይበላል። ሦስተኛ የለም።

በሳዑዲ ሕግ በኢቃማ የገባ ሠራተኛ ለራሱ ሂሳብ መሥራት አይፈቀድለትም። ሲገኝ ይቀጣል፣ ይባረራል። በዜጋ ስም ተከልሎ መነገድ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እነሱ «ተሰቱር» ይሉታል፣ መሸፈን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት አዲስ ሕግ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ይደርሳል። ስሙን የሰጠውም፣ የተከለለውም ይጠየቃል። አጎትህ «የማውቀው ሰው አለ» ያለህ ነገር ስሙ ይሄ ነው ወንድሜ። ሽርክና አይደለም።

የአረብ አገር ክፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጀርመንን እንይ። እዚያ የኤሌክትሪክ ሙያ ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው የዕደ ጥበብ ሥራዎች አንዱ ነው። በዘርፉ የራስህን ድርጅት ለመክፈት በዕደ ጥበብ ምክር ቤቱ መዝገብ መግባት አለብህ፤ ለዚያ ደግሞ በመሠረቱ «ማይስተር» የሚባለው ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ ወይም ተመጣጣኙ ይፈለጋል። አሜሪካም ብትሄድ፣ የፍሪጅና የኤሲ ጋዝ የሚነካ ቴክኒሻን የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ፈተና ማለፍ አለበት፤ «ሴክሽን 608» ይባላል። የቤት ሽቦ መዘርጋት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ነው፣ እንደየስቴቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚጠግን ድርጅት ይመዘገባል፣ ከመጠገኑ በፊትም ለደንበኛው የዋጋ ግምት በጽሑፍ መስጠት ግዴታው ነው። እኛ ጋ «ፈትቼ ልየውና እነግርሃለሁ» እንደሚባለው አይደለም።

ደቡብ አፍሪካም ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው። እዚያ «ሲኦሲ» ሲባል ብትሰማ እንዳትሳሳት። እኛ ጋ ሲኦሲ የባለሙያው የብቃት ማረጋገጫ ነው። እዚያ ግን አንድ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ተብሎ የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው፤ የሚፈርመውም በመንግሥት የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው። ያልተመዘገበ ሰው ሽቦውን ቆንጆ አድርጎ ቢዘረጋውም ፊርማው ዋጋ የለውም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ደሃን ለማሰቃየት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህርነቴ ይመጣብኛል፣ ታገሱኝ።

የኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የሳዑዲ 60 ኸርዝ ነው፤ የቆዩ ቤቶች ውስጥ 127 ቮልት መስመርም ሊያጋጥም ይችላል። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ባለ አራት ዋልታ ሞተር በ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ በ60 ኸርዝ 1800። እዚህ የለመድከውን ቁጥር በልብህ ይዘህ እዚያ ሞተር ብትጠቀልል ታቃጥለዋለህ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከ2000 ቮልት ያልፋል፤ ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ይገድላል። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር-600ኤ የሚባለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። የድሮውን ለምደህ ጋዙን ሳታስወግድ ቱቦውን በእሳት ልበይድ ብትል ፍሪጁም አንተም አትተርፉም።

ደግሞ ልማዳችንን እንናገር። ፊዩዝ ሲቃጠል በሽቦ እናስራለን። የኧርዝ ሽቦ ያለውን ፍሬን ትርፍ ነው ብለን እንቆርጠዋለን። ብሬከር እየጣለ ካስቸገረ ለምን እንደሚጥል ሳንጠይቅ በትልቅ እንቀይረዋለን። «ሠራ አይደል? በቃ!» እንላለን። አዎ ሠራ። ግን አንተ የነካኸው ማጠቢያ ማሽን ነገ አንዲት እናት እርጥብ እጇን ስታሳርፍበት ቢይዛትስ? እነዚያ አገሮች ወረቀት የሚጠይቁት ለዚህ ጥያቄ የሚመልስ ሰው ስለሚፈልጉ ነው። ወረቀቱ «እኔ ነኝ የጠገንኩት፣ ብጠየቅ እመልሳለሁ» ማለት ነው።

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ለጨዋነት ጥሩ ተረት ነው፤ ሠርተህ አትኩራራ ማለት ነው። ለስደተኛ ግን አይሆንም። ድንበር ላይ ልብህን ከፍቶ የሚያይልህ ሰው የለም።

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ ነው? በፍጹም። የኛም ነው፤ የመምህራን፣ የወላጆች፣ የከተማው ሁሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። የቀሩት ከ96 በመቶ በላይ ልጆች የት ይሂዱ? እኛ ግን ዛሬም የቴክኒክና ሙያ ተቋም ስንል «የወደቀ የሚገባበት» እያልን ነው። ልጅ በእጁ ሲሠራ «ጠጋኝ» ብለን እናሾፋለን። አያቶቻችን ቀጥቃጩን «ቡዳ» እንዳሉት፣ እኛ ቃሉን ቀየርነው እንጂ ንቀቱን አልጣልነውም። ልጁ በንቀት ምክንያት ሳይመዘን፣ ወረቀት ሳይዝ ይሰደዳል። ከዚያ ውጭ አገር ሲወድቅ «ምነው ወረቀት ባይኖረው» እንላለን። ማን ከለከለው?

«ቲቸር፣ እነ እገሌ ያለ ወረቀት ተለውጠው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አሉ፣ አልክድም። ግን ፎቅ የሠራው ፎቶ ይለጥፋል፣ ቁልፉን ተነጥቆ የተመለሰው አይለጥፍም። የምታየው የተረፉትን ብቻ ነው።

«ሲኦሲም በገንዘብ ይገዛል» የሚልም አለ። የገዛ ካለ ራሱን ነው ያታለለው። ወረቀቱን አይቶ የቀጠረህ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቴስተር ያስጨብጥሃል። ያኔ ምን ልትል ነው?

«ደሃ ለዚህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ከየት ያምጣ?» የሚለው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አከብረዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ለደላላ የምትከፍለው ብር ከምዘናው ክፍያ ይበልጣል። በሬ ተሸጦ፣ መሬት ተይዞ የሚሰበሰበው ብር ለደላላ ሲሆን «ዕድሉን ይሞክር» ይባላል፤ ለሥልጠና ሲሆን «ብክነት» ይባላል። ይሄን ሚዛን ነው የምቃወመው።

እንግዲህ መንቀፍ ብቻ አይበቃም። ውጭ አገር የጥገና ሥራ የሚያስብ ተማሪዬ ይህን ያድርግ፦

1. ምን እንደምትሠራ ለይ። ዕቃ መጠገን ሌላ፣ የቤት መስመር መዘርጋት ሌላ፣ የጋዝ ሥራ ሌላ ነው። በብዙ አገር ፈቃዳቸውም ይለያያል።

2. ሳትሄድ ተመዘን። የሲኦሲ ደረጃህን ያዝ፤ ሰነድህን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በምትሄድበት አገር ኤምባሲ አስረጋግጥ። ከሄድክ በኋላ ከዚያ ሆነህ ማስጨረስ መከራ ነው።

3. የሠራኸውን መዝግብ። ምን ዕቃ፣ ምን ብልሽት፣ ምን ቀየርክ፣ መቼ። ከቀጣሪህ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቅ። ጀርመን ውስጥ ከተመዘነ ትምህርት በኋላ ስድስት ዓመት የሠራና ከዚያ ውስጥ አራቱን በኃላፊነት ያሳለፈ ሰው ያለ ማይስተርም በኤሌክትሪክ ሙያ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ያልተጻፈ ልምድ ግን አይቆጠርም።

4. መጀመሪያ በሕጋዊ መንገድ ተቀጠር፣ ከዚያ ክፈት። የአገሩን ቋንቋ፣ ዋጋ፣ የመለዋወጫ ገበያ በሰው ሱቅ ተማር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

5. በሌላ ሰው ስም ምንም አትክፈት። በአጎትህም፣ በጓደኛህም፣ በከፊልህም ስም። ኤምሬትስን ብንወስድ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በብዙ የንግድ መስኮች የውጭ ዜጋ ሙሉ ባለቤት ሆኖ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ «ያገሬው ሰው ስም የግድ ነው» የሚል ደላላ ሲመጣ የመስኩን ሕግ ራስህ ጠይቅ።

6. ደረሰኝ ስጥ፣ የቀየርከውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ አሳይ። ከኧርዝና ከፊዩዝ ጋር አትቀልድ።

ደግሞ ተስፋ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ እንጂ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 «የመጠገን መብት» የሚባል መመሪያ አጽድቋል፤ አምራቾች እንደ ማጠቢያ ማሽንና ፍሪጅ ያሉ ዕቃዎችን ከዋስትና ጊዜ በኋላም እንዲጠግኑ ያስገድዳል። ዓለም መጣል ሰልችቶት ወደ መጠገን እየተመለሰ ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ መጣልን ገና አልለመድንም፤ በአንድ ካቻቪቴ ስንት ዕቃ ነፍስ የሚዘሩ ልጆች አሉን። በሩ ሲከፈት ወረቀት ስላልያዙ ደጅ ሊቀሩ ነው?

ሬዲዮውን የቀማሁት ልጅ ጋ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ምጣዳችን ተቃጥሎ። ሲሠራልኝ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ከጨረሰ በኋላ ኧርዙን ሁለት ጊዜ በቴስተር ለካ። «ማነው ይሄን ያስተማረህ?» አልኩት። «ሪያድ ቀጣሪዬ የነበረው ፓኪስታናዊ» አለኝ። እኔ አይደለሁም። ያቺን ሬዲዮ አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀና «ረስቼዋለሁ ቲቸር» አለ። አልረሳም፣ ያስታውቃል።

ለሲኦሲ ምዘና እንዲመዘገብ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ንድፈ ሐሳቡን ማታ ማታ አብረን እናጠናለን። እጁ ከኔ ይበልጣል፣ ሒሳቡን እኔ እረዳዋለሁ። በሜሴንጀር የጻፍክልኝ ተማሪዬ ሆይ፣ ላንተም ያለኝ ብድር ይሄው ነው። ብር የለኝም፣ ማታ ግን ቤቴ ክፍት ነው። ደብተርህን ይዘህ ና። ካቻቪቴህንም አትርሳ፣ አሁን አልቀማህም።

ውጭ አገር በዚህ ሙያ በሕጋዊ መንገድ የምትሠሩ ካላችሁ፣ የምትኖሩበት አገር ምን እንደሚጠይቅ ከታች ጻፉልን፤ ለታናናሾቻችሁ ትልቅ ውለታ ነው። ያልተስማማም በጨዋ ደንብ ይምጣ፣ እከራከራለሁ። ለደላላ ማስታወቂያ ግን ቦታ የለም፣ እሰርዛለሁ።