ድምፅን ከደጋ ወደ ቆላ ስለ ማሻገር

አንድ አገር አንድ የሚባለው በካርታ ላይ በአንድ ቀለም ስለ ተሣለ ብቻ አይደለም። በአንዱ ዳር የተነሣው የድረሱልኝ ጩኸት በሌላው ዳር ሲሰማ፥ ረዳትም ተነሥቶ ሲሄድ፥ ያን ጊዜ በእውነት አንድ አገር ነው። ሳይሰማ የቀረ ሰው አይወቀስም፤ የሚሰማበትን መንገድ ለማበጀት ሲቻለው ቸል ብሎ የቀረ ግን ከወቀሳ አይድንም። ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ነገር ለብዙዎች እንግዳ ቢመስልም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ይኸውም በግል ፈቃድና በዕውቀት ፍቅር ስለሚሠራው የራዲዮ ሥራ፥ በተራራ ላይ ስለሚተከለውም የድምፅ ማሻገሪያ ጣቢያ ነው።

ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ የአገው ምድር ከተማ ናት። አየሯ ቀዝቃዛ፥ ዝናሟ የማይጓደል፥ ምድሯም ለምለም ነው። ነገር ግን ከርሷ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ የሄደ ሰው ብዙ ሳይርቅ አገሩ ቁልቁል ሲወርድ፥ አየሩም ሲግል ያገኘዋል። የጃዊ ቆላና ከዚያ ወዲያ እስከ ሱዳን ወሰን የተዘረጋው ሜዳ ከደጋው በአንድ ሺህ ሜትር ግድም ዝቅ ያለ ነው። የደጋው ሰው ይህን አገር በአንድ ቃል «በረሃ» ይለዋል። በዚህ በረሃ ገበሬ ያርሳል፥ እረኛ ከብት ያግዳል፥ የቀን ሠራተኛም እንጀራውን ፍለጋ ይወርዳል፤ ወባና የእባብ መርዝም አብረውት ይኖራሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በልጅነቱ በዚያ አገር የቆሎ ተማሪ ሳለ ያየውን አንድ ነገር ሳይናገር ማለፍ አይቻለውም። የኔታ በቆላ የሚኖሩ አንዲት እኅት ነበሯቸው። እኅታቸው በወባ መታመማቸውን የሚነግር መልእክተኛ በእግሩ ሦስት ቀን ተጉዞ መጣ። የኔታም መድኃኒት ገዝተው፥ ከተማሪዎቹ ሁለታችንን አስከትለው ወረዱ። በደረስን ጊዜ ያገኘነው ሕመምተኛ ሳይሆን ለቅሶ ነው። የኔታ መድኃኒቱን ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ለጎረቤት ሕፃን ሰጡና፥ «ወሬው ፈረስ ቢኖረው ኖሮ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ንግግራቸው ግን ከጆሮአችን አልጠፋም።

የራዲዮ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ያለ ሽቦ የሚሄደውን ቃል «ነፋስ ስልክ» ብለው በቋንቋቸው ሰየሙት፤ ስሙም እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ ሰፈር ሆኖ ይኖራል። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር በተነሣ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ከአቃቂ ጣቢያ ተነሥቶ በባሕር ማዶ ተሰማ። ዳንግላም ከዚህ ታሪክ የራቀች አይደለችም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንፎርድ የሚመሩት ጓድ ከሱዳን ተነሥቶ ይህንኑ ቆላ አቋርጦ ወደ ጎጃም ሲገባ የራዲዮ መሣሪያ በከብት ጭኖ ነበር። የጎጃም አርበኞችና በካርቱም የነበሩት ወዳጆች ሊመካከሩ የቻሉት በዚሁ መሣሪያ ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ በተከታዩም ወር የጠላት ጦር ዳንግላን ለቆ ወጣ። እንግዲህ በዚህ በረሃ ላይ ድምፅ ማሻገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚመሰክርልን ሌላ ሳይሆን የራሳችን ነጻነት ነው።

አሁን «አማተር ራዲዮ» የሚባለው ሥራ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ መሠረት ይህ ሥራ ለራስ ትምህርት፥ እርስ በርስ ለመነጋገርና መሣሪያን ለመመርመር የሚደረግ፥ የገንዘብ ትርፍም የማይፈለግበት ነው። ሠራተኛው ተፈትኖ ፈቃድ ይቀበላል፤ የመጠሪያ ምልክትም ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ምልክት በ«ኢ ቲ» ፊደላት ይጀምራል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል ስም በዓለም ላሉ ባልንጀሮቹ የታወቀ ነው። በ1917 ዓ.ም. በፓሪስ የተመሠረተው የአማተሮች ዓለም አቀፍ ኅብረትም እነሆ መቶ ዓመት አልፎታል።

አማተሮች በቅርብ ለመነጋገር የሚሠሩበት ሞገድ በእኛ ክፍለ ዓለም ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። የዚህ ሞገድ ጠባዩ እንደ ፀሐይ ብርሃን ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ተራራ አይዞርም፥ ገደልም አይወርድም። በሜዳ ላይ የቆመ ሰው በእጁ በያዛት ትንሽ ራዲዮ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ባለው አድማስ ይወሰናል። ከሜዳው ዘጠኝ መቶ ሜትር ከፍ ባለ ገመገም ጫፍ ላይ ግን አድማሱ ሰፍቶ ከመቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የኃይል ማነስ በቁመት ይካሳል ማለት ነው። የደጋው ጠርዝ ወደ ጃዊ ቆላ ቁልቁል የሚያይበት ስፍራም አምላክ ያቆመው ግንብ ነው።

በዚህ ስፍራ የሚተከለው መሣሪያ «ሪፒተር» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ድምፅ ደጋሚ ብንለው ይስማማዋል። ሥራውም በአንድ ሞገድ የሰማውን በዚያው ቅጽበት በሌላ ሞገድ ከፍ አድርጎ መናገር ነው። በቆላ ያለው ሰው የደጋውን ሰው ራሱን አይሰማም፥ የደጋውም ሰው የቆላውን፤ ሁለቱም ግን ተራራውን ይሰማሉ፥ ተራራውም ሁለቱን ይሰማል። ካህናት ይህን ነገር ከማናቸውም ሰው ይልቅ ፈጥነው ያስተውሉታል፤ መሪው የመራውን ተመሪው ተቀብሎ ከፍ አድርጎ ሲያዜመው በኋላ የቆመው ምእመን ሁሉ ይሰማ የለምን?

ነገር ግን ዜማ ያለ ሥርዓት ጩኸት እንደሚሆን፥ ሞገድም ያለ ሥርዓት እንዲሁ ነው። ደጋሚው የሚሰማበትና የሚናገርበት ሞገድ አንድ ቢሆን የራሱን ድምፅ እየሰማ ይደናቆራል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ስድስት መቶ ኪሎኸርዝ ልዩነት ይደረጋል። ለምሳሌ በ145.650 ሜጋኸርዝ የሚናገር ደጋሚ በ145.050 ይሰማል። በበረሃ አገር ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ አየሩ ገላጣ፥ ሜዳውም ሰፊ ስለ ሆነ በሁለት ሩቅ ተራሮች ላይ ያሉ ደጋሚዎች በአንድ ሞገድ ቢሠሩ በመካከል ያለው መንገደኛ ሁለቱን ባንድ ጊዜ እየሰማ አንዱንም አይለይም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ተራራ ሞገድ አስቀድሞ በአንድ መዝገብ ይከፈላል። ጎረቤት ለጎረቤት የማይደርስበት ሞገድ ይሰጠዋል፤ በጆሮ የማይለይ የመለያ ድምፅም ይጨመርበታል፥ ደጋሚውም ያንን ካልሰማ አይከፍትም። በአሜሪካ ምዕራብ የሞሃቪን በረሃ የሚያቋርጡ ሰዎች ከተራራ ወደ ተራራ እየተቀባበሉ የሚነጋገሩት እንዲህ ባለው ሥርዓት ነው። በየጣቢያው ጥቂት የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ይበቃዋል።

አንዳንድ ሰው «ስልክ በኪሳችን ሳለ ይህ ሁሉ ድካም ስለ ምን?» ይለን ይሆናል። ስልክ መልካም ነው፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ዳግማዊ ምኒልክ ያስገቡት ሥራ ለዚህ በመድረሱም ደስ ይለናል። ሆኖም የስልኩ ማማ ብቻውን አይቆምም፤ ከሩቅ የሚመጣ የመብራት ኃይልና ከሩቅ የሚመጣ መስመር ይፈልጋል። ጎርፍ ድልድዩን ቢወስድ፥ መስመሩም ቢበጠስ፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ወረዳ ዝም ይላል። ደጋሚው ግን ከራሱ ባትሪና ከራሱ ተራራ በቀር የማንንም እርዳታ አይጠይቅም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ አማተሮች የተጎዱ መንደሮችን ወሬ ሲያደርሱ የታዩት ስለዚህ ነው። በእኛም አገር በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር በረሃ የሐይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ በሰማይ ተጉዞ እስከ ሕንድ አገር ደረሰ፤ የዓለም ወሬ ነጋሪዎችም ሁሉ አወሩለት። ነገር ግን ለወገን የሚጠቅመው ወሬ አመዱ የት አገር ደረሰ የሚለው ብቻ አይደለም፤ የእረኛው ሣርና ውኃ በአመድ ተሸፍኗል የሚለው የመንደሩ ወሬ ነው። እንዲህ ያለው ወሬ ፈጥኖ እንዲወጣ በመንደሩ አጠገብ አፍ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ እርሱም የጸጥታ ነገር ነው። ሹማምንት «በየተራራው ራዲዮ ቢተከል ክፉ ሰው አይጠቀምበትምን?» ብለው ቢሰጉ አንፈርድባቸውም፤ የተሰጣቸው አደራ ነውና። ነገር ግን ነገሩን ረጋ ብለን እንመርምረው። የአማተር ንግግር ለሁሉ ክፍት ነው፤ ተራ መሣሪያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ከአገር ወደ አገር በሚደረገው ንግግር ትርጉሙን በስውር ፊደል መሸፈን በዓለም አቀፉ ደንብ የተከለከለ ነው። ተናጋሪው በየጊዜው የመጠሪያ ምልክቱን መናገር አለበት፤ ምልክቱም ከስሙና ከመኖሪያው ጋር በመንግሥት መዝገብ ይገኛል። ስውር ሥራ የሚያስብ ሰው አገር ሁሉ በሚሰማበት ተራራ ላይ ስሙን እየጠራ አይዶልትም። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቢገኝ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ድምፁን የሚለዩትና የሚያጋልጡት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሥርዓት ያለው በር መክፈት ለጸጥታ ጠባቂው ተጨማሪ ጆሮ ነው እንጂ ቀዳዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ደጋሚው ሁሉን ያድናል ብለን ሰውን አናታልልም። በመብረቅ ሊመታ ይችላል፤ ባትሪው ያረጃል፤ ሌባም የፀሐይ ሰሌዳውን ሊነቅል ይችላል። አንዱ ተራራ ዝም ያለ እንደ ሆነም ከሥሩ ያለው ቆላ ሁሉ ዝም ይላል። ስለዚህ በቀጥታ የሚነጋገሩበት 145.500 ሜጋኸርዝ፥ ለሩቁም ከ7 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ያለው አጭር ሞገድ በተጠባባቂነት መለመድ አለበት። ከዚህም ሁሉ በላይ መሣሪያ ያለ ሰው ዕቃ ብቻ ነው። ማታ ማታ በተወሰነ ሰዓት እየተጠራሩ ያልተለማመዱ ሰዎች በመከራ ቀን ቢጠራሩ አይደማመጡም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 መሠረት ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ መሥሪያ ቤት የአማተርን ፈተና በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ቢያዘጋጅ፥ ፈተናውንም አመልካቹ አዲስ አበባ ድረስ ሳይደክም በየክልሉ ከተማ ቢሰጥ፥ ለየተራራው የሚሆነውንም የሞገድ መዝገብ ከወዲሁ ቢከፍል፥ ትልቅ ሥራ ሠራ እንላለን። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሣሪያውን ሲሠሩና ሲጠግኑ ቢማሩበት ዕውቀቱ በአገሩ ይቀራል። የአዊ ሕዝብ ማኅበር ማቋቋምን ከሌላ ሊማር አያስፈልገውም፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚሰበሰበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላቱን በደንብና በፍቅር አስተሳስሮ መኖሩን አገር ያውቃል። ትናንት በፈረስ የሚሮጠው መልእክት ዛሬ በሞገድ ቢሮጥ ያው የአባቶች ሥራ ነው።

ለካህናቱም አንድ ቃል አለን። በዚህ አገር ከፍ ያለ ተራራ ሁሉ ባለቤቱ ጸሎትና ደወል ነው። ደጋሚው የሚተከልበት ስፍራ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፥ በሕዝብ መሬት ላይ፥ በግልጽ ፈቃድ ይሁን፤ ጥበቃውን ግን የአገር ሽማግሌዎችና ካህናት በአደራ ቢይዙት ሌባም ሐሜትም አይደፍረውም። ስልክ መጀመሪያ በመጣ ጊዜ አንዳንድ አባቶች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ሸሹት ይነገራል፤ ዛሬ ግን የክርስትናውና የተዝካሩ ጥሪ የሚተላለፈው በርሱ ነው። አሁን ደግሞ ከመሸሽ ቀድሞ መምጣት ይሻላል።

የኔታ ወሬውን ፈረስ አሳጥተው የቀበሩት እኅታቸውን ብቻ አልነበረም፤ እንደርሳቸው ያለ ስንቱ ሰው መድኃኒት በእጁ ይዞ ለቅሶ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ አቅም አልነበረንም፥ ዘመኑም አልፈቀደም። ዛሬ ግን ተራራው በስፍራው ቆሟል፥ ፀሐዩም በየቀኑ ይወጣል፥ ሕጉም ተጽፏል፤ የጎደለው የሰው ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱን የያዛችሁ ሹማምንት፥ ሕዝቡን የምትመሩ ካህናት፥ ከቆላው ለሚጣራው ወገን የሚመልስለት ድምፅ እንዲኖር ተባበሩ።