ጨው በእፍኝ አይሰፈር፦ ለፈሳሽ ሳሙና አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ከባሕር ዳር እስከ ቁንዝላ በጣና ዳር ፈሳሽ ሳሙና ለምታዘጋጁ እህቶችና ወንድሞች፤

የምጽፍላችሁ ሳሙናው የቀጠነ ሲመስል የገበታ ጨው በእፍኝ እየጨመሩ እስኪወፍር የማማሰሉ ልማድ ይቅር ለማለት ነው። ጨው ያወፍራል፤ የሚያወፍረው ግን እስከ ልኩ ብቻ ነው። በመለያው ላይ ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት ተብሎ የሚጻፈው አጣቢ ኬሚካል ውሃ ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለውን ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ጥቃቅን ኳስ ይሠራሉ። ራሶቹ ስለሚገፋፉ ኳሱ አይረዝምም። የጨው ሶዲየም ግፊያውን ሲያለዝበው ራሶቹ ይጠጋጋሉ፤ ኳሱም ረዝሞ እንደ ትል ይሆናል፤ ትሎቹ ሲጠላለፉ ሳሙናው ይወፍራል። እንዲህ ያለውን ሳሙና በጠርሙስ አሽከርክራችሁ ድንገት ብታቆሙት፣ ውስጡ የታፈኑት የአየር አረፋዎች ጥቂት ወደ ኋላ ሲመለሱ ታያላችሁ፤ ፈሳሹ ተለጥጦ የመመለስ ጠባይ ስላገኘ ነው። በመቶ ግራም ሳሙና ጥቂት ግራም ጨው ሲገባ ውፍረቱ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ትሎቹ ቅርንጫፍ እያወጡ መጠላለፋቸው ይላላል፤ ሳሙናው ይቀጥናል፣ ጨው ሲበዛበትም ይደፈርሳል። ጫፉን ያለፈ ሰው «ገና ነው» ብሎ ሌላ እፍኝ ሲጨምር፣ ያወፈረ እየመሰለው ምርቱን ያበላሻል።

«ገዢው ወፍራም ይወዳል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅባት የሚያነሣው አጣቢው ኬሚካል እንጂ ጨው አይደለም። አጣቢውን ቀንሶ ጉድለቱን በጨው መሸፈን ገዢን ማታለል ነው፤ ጨዉም ከእጣቢው ጋር አፈር ወይም ሐይቅ ይገባል እንጂ የትም አይጠፋም። «መሣሪያ የለንም» ለሚለውም ሚዛን፣ ሰዓትና ረጃጅም ብርጭቆዎች ይበቃሉ። ከአንድ ምርት እኩል እኩል ናሙና ቅዱ፤ በየናሙናው የጨዉን ግራም ጥቂት በጥቂት እያሳደጋችሁ፣ ብይ ጥላችሁ ታች እስኪደርስ ሰከንዱን ቁጠሩ፤ ብዩ ከሁሉ የዘገየበት ናሙና ጫፉን ያሳያችኋል። ሙቀት ሳሙናውን ስለሚያቀጥነው የጠዋቱን ናሙና ከቀትሩ ጋር አታወዳድሩ። ያልተጣራ ጨው የያዘው ካልሲየምና ማግኒዥየም ጫፉን ያዛውረዋል፤ ሽቶም እንዲሁ። ስለዚህ ጨው ወይም ሽቶ በቀየራችሁ ቁጥር ፈተናውን ድገሙት።

አሠልጣኞችም፣ ከምትሰጡት ቀመር ላይ «ጨው፦ እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን መስመር አውጡና በግራም ጻፉት።