ርዕሰ አንቀጽ፦ ቀረጻው ይፍጠን፣ መልቀቁ ይዘግይ



«አጭር ፊልም እንሥራ» ስንባባል አንድ ዓመት አለፈን። መጀመሪያ ጥሩ ካሜራ ይገኝ አልን። ቀጥሎ ሁላችንም ዓርብ የምንወጣበት ቀን ይገጣጠም አልን። አንዷን ማዳም ስትፈቅድላት ሌላዋ እንግዳ መጣ ተብላ ትቀራለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ወሬ ሆኖ ሊቀር ነበር። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ላይ ጅዳ ውስጥ ሰፈሮችን ማፍረስ ተጀመረ። በየግድግዳው በቀይ ቀለም «ኢኽላእ» ተብሎ ተጻፈ፤ ልቀቁ ማለት ነው። የካራንቲናም ተራ ደረሰ። ያኔ ቀኑን የቆረጠልን ዶዘሩ ሆነ።

የነበረን አንድ ዓርብ፣ አንድ ስልክና አንድ ፓወር ባንክ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምረን ከመግሪብ በፊት መጨረስ ነበረብን፤ አሠሪ ቤት የሚያድሩት ማምሸት አይችሉምና። ስለዚህ ታሪኩን አንድ አደረግነው፦ አንዲት እህት ስምንት ዓመት የኖረችበትን ክፍል ለቃ ስትወጣ ምን ትይዛለች? ምን ትተዋለች? ጀበናው ይሄዳል፣ ፍራሹ ይቀራል። ስለ ደላላውም፣ ስለ ከፊሉም፣ ስለ ባሕሩ ጉዞም እንጨምር ያሉ ነበሩ። ሁሉም እውነት ነው፤ በአንድ ቀን ግን አይሆንም። ማታ አንዷ እህታችን በስልኳ ቆራርጣ አገጣጠመችው፣ ስድስት ደቂቃ ወጣው። ጊዜ ባይጠብብን ኖሮ ዛሬም «ካሜራ ይገኝ» እያልን ነበር።

በጥድፊያ ፊልም መሥራት የጀመርነው እኛ አይደለንም። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ ከአሜሪካ መጥቶ በሁለት ሳምንት ነው የቀረጸው። የተወኑት ሙያተኞች አልነበሩም። ለተመልካች የደረሰው ግን ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እዚህ ሳዑዲም ሃይፋ አል መንሱር የምትባል ሴት «ዋጅዳ»ን በሪያድ ስትሠራ መንገድ ላይ ከወንዶች ጋር መታየት ስለማትችል፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ በሬዲዮ ነበር የምታዝዘው። ፊልሙ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አገሩ ውስጥ ሲኒማ ቤት አልነበረም። አሁን ጅዳ የቀይ ባሕር ፊልም ፌስቲቫል አላት፣ በ48 ሰዓት አጭር ፊልም የሚሠራበት ውድድርም አለ። ለእኛ 48 ሰዓት እኮ ቅንጦት ነው!

እስከዚህ ድረስ ኩራት ነው። አሁን ወደ ጥፋታችን።

የማንንም ፊት ላለማሳየት ተስማምተን ነበር፤ እጅ፣ ዕቃና ግድግዳ ብቻ። ዓርብ ማታ ግን ከመካከላችን አንዷ ደስታው ይዟት አርባ ሰከንዱን ቆርጣ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ማንንም አልጠየቀችም። ጀበናውን ስትጠቀልል የምትታየው እህት ከአሠሪዋ ጠፍታ የወጣች፣ የደላላ ዕዳ ያለባት ናት። ፊቷ አልታየም፤ የጣቷ ቀለበትና ድምጿ ግን ታወቀ። በሦስተኛው ቀን «የት እንዳለሽ ደርሰንበታል» የሚል ስልክ ተደወለላት። በዚያው ሌሊት ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። ቪዲዮው ወዲያው ጠፋ፤ የወጣ ነገር ግን አይመለስም።

ጥፋቱን በለቀቀችው ልጅ ላይ ብቻ ማላከክ ቀላል ነው። ግን ሁላችንም ስለ ቀረጻው ስንጣደፍ «ማን ያየዋል? መቼ?» ብለን አልተነጋገርንም። የማፍረሻው ቀን ያስቸኮለን ለመቅረጽ ነበር እንጂ ለመልቀቅ አልነበረም። ሁለቱን አደባለቅናቸው። ሕጉንም አንርሳ፦ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳዑዲ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን ገመና የሚነካን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 500 ሺህ ሪያል ያስቀጣል። ማዳም ቤት ውስጥ ልጆቹን ወይም ሳሎኑን እየቀረጻችሁ የምትለቁ እህቶች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

ከእንግዲህ በዚህ እንድንስማማ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ታሪኩ አንድ ይሁን፣ በአንድ ዓርብ ይለቅ። ሁለተኛ፣ ፊት ብቻ ሳይሆን ቀለበት፣ ሂና፣ ጠባሳ፣ የበር ቁጥርና ድምጽም ሰው ያሳውቃል፤ ትረካውን ሌላ ሰው ያንብበው። ሦስተኛ፣ የተቀረጸው በአንድ ስልክ ብቻ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አይለቀቅ፤ በመሐል የታየችው ሁሉ ትይው፣ አንዷ እንኳ «ይቅር» ካለች ያ ቦታ ይወጣል። ለምን ብሎ የሚጠይቃት አይኑር።

ያቺ እህት ደህና ቦታ ናት። ይቅርታ ጠይቀናት፣ «ፊልሙን በሙሉ እናጥፋው?» አልናት። ትንሽ ዝም ብላ እንዲህ አለችን፦ «እጄን አውጡት፤ ክፍሉን ግን ተዉት። አሁን እኮ እዚያ ብትሄዱ ሜዳ ነው።»

እጇን አውጥተነዋል። አራት ደቂቃ ቀርቶናል። በሚቀጥለው ስብሰባችን አብረን እናየዋለን፤ ስልኮቻችሁን በር ላይ ትታችሁ ግቡ።