ያገለገለ ሄሊኮፕተር ስለ መግዛት

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ሳያይ፥ አስኪዶም እርምጃዋን ሳይመለከት ገንዘቡን አይቈጥርም። በቅሎ ብትሰናከል የምትጥለው ከምድር ላይ ነው። ከሰማይ የሚጥለውን፥ ለበረራ ትምህርት ያገለገለ ሄሊኮፕተር ግን የቀለሙን ማማርና የዋጋውን ማነስ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ለምሳሌ፥ ፍራንክ ሮቢንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራውንና በ1979 እ.ኤ.አ. የበረራ ብቃት ፈቃድ ያገኘውን አር 22 እንመልከት። ሁለት ሰው የሚይዝ፥ በፒስተን ሞተር የሚሠራ ነው፤ በብዙ አገርም ተማሪዎች ይለማመዱበታል። ፋብሪካው 2,200 ሰዓት ሲበር ወይም 12 ዓመት ሲሞላው፥ ከሁለቱ በቀደመው፥ ተፈትቶ እንዲታደስ አዝዟል። እንግዲህ እድሳት ሳያገኝ 2,000 ሰዓት የበረረውን በርካሽ የሚገዛ ሰው የገዛው 200 ሰዓት ብቻ መሆኑን ይወቅ። ጥቂት ሰዓት በርሮ 11 ዓመት የቈየውም እንዲሁ ነው፤ ያለ ሥራ መቆም ከዝገት አያድንምና።

የዚህ መኪና ተሽከርካሪ ክንፍ ቀላል ስለሆነ፥ ሞተሩ ቢጠፋ ዙሩ ወዲያው ይቀንሳል። አብራሪው በግራ እጁ የያዘውን መሪ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ዝቅ ካላደረገ መዳኑ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህም የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በ1995 እ.ኤ.አ. ለአብራሪዎቹ ልዩ ሥልጠናን ደነገገ። ጊዜው እንዲህ አጭር ከሆነ፥ ጥንቃቄው ከመነሣት በፊት ሊፈጸም ይገባል።

ስለዚህ ገዢው የሻጩ ወዳጅ ያልሆነ፥ ያንን ዓይነት መኪና የሚያውቅ መካኒክ ይቅጠር። መካኒኩም በክፍሎቹ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ፤ የክንፉ ሽፋን ከማጣበቂያው አለመላቀቁን፥ በዘይቱ ማጣሪያ የብረት ስባሪ አለመኖሩን ይመርምር። የተማሪ እጅ ገና ያልበሰለ ስለሆነ፥ በኀይል ያረፈበት ወይም ክንፉ ከልክ በላይ የዞረበት ጊዜ እንዳለ፥ ከዚያም በኋላ ምን እንደ ተደረገ ይጠይቅ። መዝገቡ የጐደለ እንደ ሆነ፥ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተወው።

ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በመዝገብ ላይ የሚፈርም ሰው ምስክር ነው፤ ተማሪውም መርምሮ ሳይሆን ያንን ፊርማ አምኖ ይቀመጣል። የገዢው ቸልተኝነት ዕዳው የሚጠየቀው ከተማሪው ነፍስ ስለሆነ፥ የሚገዛ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ያስብ።