ሁለት ስም ያለው መቃብር

ሊድስ የምትባለውን የእንግሊዝ ከተማ የእኛ ሰው የሚያውቃት፣ ካወቃት፣ በአንድ ሞት ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ገና በ18 ዓመቱ ያረፈው እዚያ፣ ሄዲንግሊ በሚባለው ሰፈር፣ በአስተማሪው ቤት ነበር። አስከሬኑ ወደ ዊንዘር ተወስዶ ተቀበረ። አፅሙ ለአገሩ ይብቃ የሚለው ጥያቄ በ2023 እንደገና ሲነሣ ቤተ መንግሥቱ አይቻልም ብሏል። ስለ ልዑሉ የመጨረሻ ቀናት ሳነብ ነው፣ ከሄዲንግሊ ብዙም በማይርቅ አሮጌ መካነ መቃብር ውስጥ ካለ የሌላ ጥቁር ሰው ስም ጋር የተገናኘሁት።

ቦታው ዛሬ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜዳ ይሉታል። በ1835 ተከፍቶ በ1969 እስኪዘጋ ድረስ ከ90 ሺህ በላይ ሰው ተቀብሮበታል። ዩኒቨርሲቲው ሲረከበው አብዛኛው ድንጋይ ተነሥቶ ሣር ለበሰ፤ ተማሪው ምሳውን ይዞ የሚቀመጠው ከዚያ ሁሉ አፅም በላይ ነው። ከተረፉት ጥቂት ሐውልቶች አንዱ የሱዛና ዳርቢ ነው። ከግርጌው አነስ ያለ የባሏ ድንጋይ አለ። ሰውየው የተጻፈው በሁለት ስም ነው፦ ዊልያም ዳርቢ፣ ፓብሎ ፋንክ።

ዊልያም ዳርቢ ኖርዊች ከተማ የተወለደ ድሃ ልጅ ነው። አባቱ በአንድ የጋብቻ ሰነድ ላይ አሳላፊ ተብሎ ተመዝግቧል። ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው ዊልያም ባቲ ለተባለ የሰርከስ ባለቤት በተለማማጅነት ተሰጠ። ፈረስ መጋለብ፣ በገመድ ላይ መሄድ፣ መገለባበጥ ተማረ። በ1841 ሁለት ፈረስ ይዞ ከጌታው ተለየና የራሱን ሰርከስ አቋቋመ። ከዚያ ወዲያ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ሕዝብ የሚያውቀው በስፓኝ ስሙ፣ ፓብሎ ፋንክ ተብሎ ነው። በ1847 ለንደን ገብቶ አስትሊ በተባለው ስመ ጥር የፈረስ ትርኢት ቤት ሲታይ የዋና ከተማዋ ጋዜጦች ጻፉለት። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በእንግሊዝ አገር፣ ጥቁር ሰው የሰርከስ ባለቤትና የነጮች ቀጣሪ ነበር ማለት ነው።

ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የትርኢት ሰዎች ቄስ ስለ እሱ ሲጽፉ፣ በሰርከስ ዓለም የቀለም ልዩነት የለም፣ ችሎታ ብቻ ነው የሚታየው የሚል ምስክርነት ሰጥተዋል። ቄሱን ሙሉ በሙሉ ለማመን እቸገራለሁ። ቀለም ካልተነሣ ዳርቢን ፋንክ ማድረግ ለምን አስፈለገ? እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን ነጩም የሰርከስ ሰው የጣሊያንና የስፓኝ ስም ይለጥፍ ነበር፤ ገበያ ነው። ቢሆንም ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም።

ሱዛና የሞተችው በአደጋ ነው። አደጋው የደረሰው ማርች 18 ቀን 1848 ሊድስ ውስጥ ነው። ትርኢቱ የሚታየው ከእንጨት በተሠራ አዳራሽ ነበር። ልጃቸው በገመድ ላይ እየሄደ ነው፤ ሕዝቡ ሽቅብ አንጋጧል። ድንገት የመቀመጫው ወለል ተደረመሰ። ከ600 የሚበልጥ ተመልካች አብሮ ወረደ። ሱዛና ከሥር፣ መግቢያው አካባቢ ነበረች፤ ሳንቃው ጭንቅላቷን መታት። ከዚያ ሁሉ ሰው የሞተችው እሷ ብቻ ናት።

ባልየው በጥቂት ወር ውስጥ ኤልዛቤት ኮርከር የተባለች የሰርከስ ፈረስ ጋላቢ አገባ። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ፊቱን እንደሚያጨማድድ አውቃለሁ። እኔ ግን ከከተማ ከተማ የሚዞር ሰርከስ፣ ልጆች፣ ፈረሶችና የሳምንት ደመወዝ የሚጠብቁ ሠራተኞች ያሉበት ሰው ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እያለ እንዲቀመጥ አልጠብቅበትም። ደግሞም የሞተ ጊዜ አስከሬኑ የሄደው ወደ ሱዛና ነው።

የሞተው በሜይ 4 ቀን 1871 ስቶክፖርት በሚባል ከተማ፣ አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ ነበር። ሀብቱ አልቋል። አስከሬኑ ግን በቅርብ በተገኘ ጉድጓድ አልተጣለም፤ ወደ ሊድስ መጣ። የቀብሩ ሰልፍ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፦ ከፊት የሙዚቃ ባንድ የኀዘን ሰልፍ እየተጫወተ፣ የሚወደው ፈረስ እየተሳበ፣ ሠረገሎች ተከትለው። የፈረሱ ስም ዋሌት ነው፤ በጓደኛው በአስቂኙ ዋሌት ስም የተሰየመ። የእኛ ሰው የጀግና ፈረስ ኮርቻውን ጭኖ በለቅሶ ላይ ሲሳብ ያውቃል፤ የሰርከስ ፈረስ ሲሳብ ግን ያየ ያለ አይመስለኝም።

ድንጋዩ ፓብሎ ሲሞት 75 ዓመቱ እንደነበር ይናገራል። ይህን ያመኑ ጸሐፊዎች 1796 ተወለደ ብለው ለብዙ ዘመን ጻፉ። በኋላ ግን የሰርከስ ታሪክ አጥኚው ጆን ተርነር የኖርዊችን መዝገብና በየአሥር ዓመቱ የተደረገውን የሕዝብ ቆጠራ አገላብጦ ሲያስተያይ ወደ 1810 የሚመራ ነገር አገኘ። ድንጋዩ 14 ዓመት ጨምሮለታል። መቃብር ላይ የሚጻፈውን የሚያስጽፈው ሟቹ አይደለም፤ ያዘነ፣ የደከመ፣ አንዳንዴም ዕድሜውን በግምት የሚያውቅ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ድንጋይ አድራሻ ይሰጣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ማስረጃው ያለው በጋዜጣ ማስታወቂያ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝገብና በቆጠራ ሰሌዳ ላይ ነው። ፈላጊ ግን የት እንደሚጀምር ማወቅ አለበት፤ እዚህ መነሻ የሆነው ሁለቱ ስም ጎን ለጎን መጻፉ ነው። ፓብሎ ፋንክ ብቻ ቢባል ኖርዊች ያለውን ሕፃን ማንም አያገኘውም ነበር። ዊልያም ዳርቢ ብቻ ቢባል ደግሞ ማን ብሎ ይፈልገዋል?

ስሙን በዓለም ያስጠራው እንኳ ፖስተር ነው። ጆን ሌነን በ1967 አንድ የድሮ ዕቃ መሸጫ ውስጥ የ1843 የፓብሎን ሰርከስ ማስታወቂያ ገዛ፤ ከዚያም ለቢትልስ አልበም ዘፈን ሠራበት። ትርኢቱ የታየው ሮችዴል ነው፤ በዘፈኑ ለንደን ሆነ። የፈረሱም ስም ተለወጠ። ለዘፈን አይከፋም፤ ለታሪክ ግን ከድንጋዩ የባሰ ምስክር ነው።

ልዑል ዓለማየሁ ሊድስ የገባው ፓብሎ ከተቀበረ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። አልተገናኙም። በልጅነቱ የተማረከው ልዑል ፎቶግራፍ አለው፣ የንግሥቲቱ ማስታወሻ አለው። በራሱ ክንድ ያደረው ባለ ሰርከስ ፖስተርና አንድ አነስተኛ ድንጋይ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ እኛ መቃብሮች ነው። ጥላሁን ገሠሠ ቅድስት ሥላሴ ነው ያረፈው፤ የሚጠፋ የለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ አስቀርጿል፤ ልጁ ይድነቃቸው ተሰማም ቅኔውን ሰብስቦለታል። የሚያስጨንቀኝ የሌላው ነው፦ የሀገር ፍቅር ከበሮ መቺ፣ የክብር ዘበኛ ጥሩምባ ነፊ፣ በየጠጅ ቤቱ ማሲንቆ የመታ አዝማሪ። እነዚህን ሰዎች ሕዝብ የሚያውቃቸው በቅጽል ስም ነው። ቀብር ላይ ግን የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ድንጋይ ከተተከለ ደግሞ የመዝገቡ ስም ይጻፍበታል። በዚያ ላይ ቦታ ሲጠብ መቃብር ይነሣል፣ አፅም ይለቀማል፣ ድንጋዩም የት እንደገባ አይታወቅም።

ስለዚህ በቤታችሁ በጨዋታ የኖረ ሰው ካረፈ፣ ሕዝብ የሚጠራበትን ስምና ሙያውን ከመዝገብ ስሙ ጎን አስጽፉ። መቃብሩ የሚነሣ ከሆነም አፅሙ ከመለቀሙ በፊት ድንጋዩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።